ባለ አምስት ቀለሙ መጽሐፍ

በመሥሪያ ቤታችን «ከፍተኛ ግብር» ለሚባለው የሙያ ፈተና የሚቀመጥ ሰው መጽሐፍ አይገዛም፤ ይሰጠዋል። አሰጣጡም እንዲሁ በዋዛ አይደለም። ሠራተኛው ሁሉ ስብሰባ አዳራሽ ይጠራል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ የክፍላችን ኃላፊ ጋሼ አንቀጽ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉና መጽሐፉን ከቡናማ ፖስታ ውስጥ በቀስታ ያወጡታል። ጋሼ አንቀጽ ያልናቸው እኛ ነን። ሰውየው አንቀጽ ሳይጠቅሱ እንደምን አደራችሁም አይሉም። ቅጽል ስማቸውን ያውቁታል፣ ደስ ሳይላቸውም አይቀርም።

መጽሐፉ ስምንት መቶ አርባ ገጽ ነው። ከታተመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የመጀመሪያው ባለቤት ራሳቸው ጋሼ ሲሆኑ ኅዳጉን በጥቁር እስክሪብቶ ሞልተውታል። ከሳቸው በኋላ አምስት ሰው ተቀብሎታል፤ አምስቱም በመጀመሪያ ሙከራቸው አልፈዋል፣ አምስቱም የየራሳቸውን ሃይላይተር ቀለም ጥለውበት ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ እኛ መሥሪያ ቤት የሚጠሩትም በዚሁ ነው። ቢጫው አለ፣ አረንጓዴዋ አለች፣ ብርቱካኑ፣ ሰማያዊው፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሮዟ። እኔ ስድስተኛ ነበርኩ። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሄጄ ያልተያዘ ቀለም ስጠይቅ የተገኘው ወይን ጠጅ ብቻ ስለነበር እሱን ገዛሁ።

ዕድሜዬ አርባ አራት ነው። የደመወዝ ግብር ጠረጴዛ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጫለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚያሰላው ኮምፒውተሩ ነው፤ የኔ ድርሻ የሰውየው ስም በትክክል መጻፉን ማየት ነው። ከዚያ ወንበር መነሻው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የግብር ባለሙያዎች ማኅበሩን አሥራ ሁለት ፈተናዎች ማለፍ ነው። አሥራ አንዱን በስምንት ዓመት ጨረስኩ። አሥራ ሁለተኛው ከፍተኛ ግብር ነው፣ ማኅበሩም ለሱ ሦስት ዕድል ብቻ ይሰጣል። በሦስተኛውም የወደቀ ሰው ያለፋቸው አሥራ አንዱ ጭምር ተሰርዘውበት እንደገና ከሀ ይጀምራል። ይህን ደንብ ያወጣውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ስምንት ዓመት ስንት ቅዳሜ እንዳለው እጠይቀዋለሁ።

መጽሐፉ የተሰጠኝ ቀን ጋሼ በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝና «ልጄ፣ ሕጉ ይቀያየራል። መንፈሱ ግን አይቀየርም። መንፈሱ እዚህ ውስጥ አለልሽ» አሉኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔማ እንባዬ መጣ፤ አልዋሽም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ውሃ ልቀዳ ማቀዝቀዣው ጋ ስቆም ብርቱካኑ አጠገቤ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው። የሞላ ብርጭቆውን እንደገና የሚሞላ መስሎ ቆመና «እሱንስ ያዢው፣ ግን አዲሱንም ብትገዢ አይከፋም» አለኝ። ከላይ እስከ ታች አየሁት። ራሱ በዚህ መጽሐፍ አልፎ ሲያበቃ እኔን ጥርጣሬ ውስጥ ሊከተኝ መጣ ብዬ ጆሮዬን አልሰጠሁትም። ቤት ገብቼ ለባሌ «መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ምቀኛ እንደ አሸዋ ነው» ብዬ አወራሁለት። ባሌ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ምቀኛውን ትቶ «መቼ የታተመ ነው?» አለኝ። የማይመለከተውን እንዳይጠይቅ ነገርኩት።

በመጽሐፉ ብቻ ተማመንኩ እንዳይባል ሌላውንም ሁሉ ሰበሰብኩ። የአሥራ ሁለት ዙር የድሮ ጥያቄዎችን አሳትሜ አስጠረዝኩ። ተማሪዎቹን «ወዳጆቼ» እያለ የሚጠራ አስተማሪ የሁለት መቶ ሰዓት ቪዲዮ ገዛሁ፤ ጊዜ ለመቆጠብ አፍጥኜ ስለምከፍተው ሰውየው ከኋላው ውሻ እያባረረው የሚያስተምር ይመስላል። ሦስት ሺህ ሰው ያለበት የስልክ ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። እዚያ ሁሉም «ፋይሉ ያለው ሰው ይላክልኝ» ይላል፤ ፋይሉን አነበብኩት ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። በስድስት መቶ አርባ ካርዶች ላይ ጥያቄና መልስ ጽፌ በጫማ ካርቶን ደረደርኩ። የጥናት ፕሮግራሜን በአራት ቀለም ለመሥራት አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ፣ ሠርቼ ስጨርስ ከፕሮግራሙ አሥራ አንድ ቀን ወደኋላ ቀርቼ ነበር። ባሌ ከሥራ በተረፈ ቧንቧ መደርደሪያ ሠራልኝና ቆሞ አየው።

«ይሄ ሁሉ የሚነበብ ነው?» አለኝ።

«ሪሶርስ ነው» አልኩት።

ጣጣው ምንድነው፣ ከሪሶርሶቹ አንዱ ከመጽሐፉ ጋር ሲጋጭ ሁሌም የሚያሸንፈው መጽሐፉ ነበር። የአቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ በመጽሐፉ ዘጠና ቀን ነው። የቪዲዮው አስተማሪ ስልሳ አለ። ተሳስቶ ነው ብዬ አስተያየት መስጫው ላይ በትህትና አረምኩት፣ ገጽም ጠቀስኩለት። ካርዶቹንም የጻፍኳቸው ከመጽሐፉ ነው። ቀለሞቹን ደግሞ እንደ ምልክት ነበር የምከተላቸው። ገጽ አራት መቶ ሁለት ላይ «ይህ ገጽ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው» ይላል። ሌላ ነገር የለበትም። አረንጓዴዋ ቀብታዋለች፣ ብርቱካኑ ከጎኑ «ይመጣል» ብሎ ጽፎበታል። ሁለት ያለፉ ሰዎች የተስማሙበትን ነገር እኔ ማን ሆኜ እንቃለሁ? ገጹን ከነቁጥሩ በቃሌ ያዝኩት።

የመጀመሪያውን ዙር አርባ አንድ አመጣሁ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ሁለተኛውን ሠላሳ ስምንት። ጋሼ ቢሯቸው ጠሩኝና በሐዘን አዩኝ። «ፊደሉን ይዘሽዋል፣ መንፈሱን ግን አልያዝሽውም። ኅዳጉን እንደገና አንብቢ» አሉኝ። እንደገና አነበብኩት። የቀረኝ አንድ ዕድል ብቻ ነበር። ከልጆቼ ፊት እንኳ መጽሐፍ ስገልጥ አፍር ጀመር።

ማኅበሩ ለወደቀ ሰው የፈታኙን አስተያየት በደብዳቤ ይልካል፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ጠየቅኩ። የመጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ተፈታኟ በተሻረ ሕግ ላይ ከፍተኛ ችሎታ አሳይታለች።» የመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ ቆሜ ሳነበው መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከፍተኛ ችሎታ አሳይታለች ተብሎ ስለኔ ተጽፎ አያውቅም። ሁለተኛ ጊዜም አነበብኩት። መሀል ላይ ያሉት ሦስት ቃላት ዓይኔ ውስጥ የገቡት በሦስተኛው ነው። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በቀጥታ ሮዟን እጇን ይዤ ፎቶ ኮፒ ክፍል አስገባኋት። ደብዳቤውን አሳየኋት። አነበበችው፣ በሩን ዘጋች፣ ድምፃችን እንዳይሰማ ማሽኑ ላይ መቶ ባዶ ወረቀት ኮፒ አዘዘችው።

«አንቺ በምንድነው ያለፍሽው?» አልኳት።

«በአዲሱ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሁላችንም በአዲሱ ነው፣ እህቴ። ቤታችን ደብቀን።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሮዝ ምንድነው? ስድስት መቶ ገጽ ቀብተሻል።»

«ካለፍኩ በኋላ የቀባሁት ነው። ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ጋሼ ሲያገላብጡት ንጹሕ ሆኖ ቢያገኙት ይሞቱብኛል ብዬ።»

«ገጽ አራት መቶ ሁለትስ? ባዶ የተተወ የሚለው?»

«እሱ ደግሞ ምን ሆነ?»

«አረንጓዴዋ ቀብታዋለች። ብርቱካኑ ይመጣል ብሎበታል።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ሳቁ ግን አመለጣት። «ቴሌቪዥን እያዩ ሲቀቡ እኮ ምን እንደሚቀቡ አያዩም» አለችኝ።

ንዴቱ ከእግሬ ጥፍር ተነስቶ አናቴ ላይ ወጣ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለሽ አየሽኝ። አንድ ቃል ቢወጣሽ ምን ነበረበት?»

«ጥፋተኛ ነኝ፣ አልክድም» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ። «አንዴ ጋሼ አዲሱን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አይተውብኝ ሁለት ሳምንት ሰላም አላሉኝም። ከዚያ በኋላ ፈራሁ። ሰውየው ክፉ አይደሉም እኮ፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀል ነበር። የሚጽፉትን ደብዳቤ እንኳ አምስታችን በየተራ ከአዲሱ ሕግ እያስተካከልን ነው የምንልከው። እስከ ዛሬ አላወቁም።»

ማሽኑ መቶውን ባዶ ወረቀት ጨርሶ ዝም አለ። ወረቀቱን ሰብስቤ ወደ መሳቢያው መለስኩት።

ቤት ገብቼ ለባሌ ስነግረው አልሳቀም። ሳህኑን ገፋ አድርጎ አሰበበት። «እኛ ጋ ቧንቧው ከተቀየረ በኋላ በድሮው ካርታ የሚቆፍር ሰው የሰው ሳሎን ያጥለቀልቃል» አለ።

«አንተ ደግሞ ሁሉንም ነገር ቧንቧ ታደርገዋለህ።»

«እሺ ይሁን። አንቺ ግን ቆመሽ አትከራከሪኝ፣ ውሃው ጉልበትሽ ጋ ደርሷል።»

በማግስቱ አዲሱን ገዛሁ። ዘጠኝ መቶ አሥር ገጽ፣ አንዳች ቀለም ያልነካው። መሥሪያ ቤት በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ የጋሼ መጽሐፍ ተከፍቶ ካልታየ ነገር ይበላሻል፤ ጋሼ በምሳ ሰዓት እየዞሩ ያያሉ። ስለዚህ የአሮጌውን ሽፋን ለአዲሱ ላለብሰው ሞከርኩ። አዲሱ ወርዱም ቁመቱም ስለሚበልጥ አልገባም አለ። ባሌ አዲሱን መጽሐፍ የቧንቧ ማሰሪያ ውስጥ አጥብቆ ዳር ዳሩን በመጋዝ ቆረጠልኝ። የገጽ ቁጥሮቹ አብረው ተቆረጡ፣ ይሁን አልኩ። አሁን ልክ ገባ።

ከዚያ ካርዶቹን አወጣሁና አንድ በአንድ ከአዲሱ ሕግ ጋር አመሳከርኳቸው። ከስድስት መቶ አርባው በሕይወት ያለው መቶ ሰባ አንድ ብቻ ነበር። የቀሩትን ስቀዳድድ በገዛ እጄ ዓመታቴን የምቀድድ መሰለኝ፣ አለቀስኩም። ቪዲዮውን ከፍቼ በመደበኛው ፍጥነት ሰማሁት፤ ሰውየው ለካ ረጋ ብሎ የሚናገር ጥሩ አስተማሪ ነው። ስር ላይ የጻፍኩት እርማት አሁንም አለ። አሥራ አራት ሰው ወዶታል። እነዚያ አሥራ አራት ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ እግዜር ይወቅ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጋሼ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። መጽሐፉን ቶሎ ከደንኩት። ሽፋኑን መታ መታ አደረጉና «አሁን ገና ገባሽ። ፊትሽ ላይ ይታያል» ብለውኝ ሄዱ።

በፈተናው ቀን ወረቀቱን ገለጥኩ። ሦስተኛው ጥያቄ የአቤቱታ ማቅረቢያ ጊዜ ነበር። እጄ በልማድ ዘጠና ብሎ ሊጽፍ «ዘ»ን ጀመረ። ሰረዝኩና ስልሳ ብዬ ጻፍኩ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ ነገር ማልኩ፤ ካለፍኩ መጽሐፉን ለሚቀጥለው ሰው ሳስረክብ እውነቱን ሁሉም ፊት እናገራለሁ አልኩ። ስልሳ ሦስት አመጣሁ። ውጤቱን ያነበበልኝ ባሌ ነው፤ እኔ ስልኩን መያዝ አቅቶኝ ነበር። እኔ ሳለቅስ እሱ ደጋግሞ «ስልሳ ሦስት» ይላል፣ ሌላ ቃል የጠፋበት ይመስል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዳራሹ ተሞላ፣ ለስላሳው ተከፈተ። ተቀባይዋ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወልዳ የተመለሰችው በቅርቡ ነው። ለብሳ የመጣችው የሠርግ ቤት ልብስ ነው። አሮጌውን መጽሐፍ ወደ ሽፋኑ መልሼ ይዤ ቆምኩ። ጋሼ «ከዚህ መጽሐፍ ስድስት ባለሙያ ወጥቷል» ብለው ሲያበቁ ተራው የኔ ሆነ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እውነቱን ልናገር» አልኩ። «እኔ በዚህ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ያለፍኩት በአዲሱ ነው። እዚህ ውስጥ ያለው ሕግ ከተሻረ ቆይቷል።»

አምስቱ ቀለሞች የለስላሳ ጠርሙሳቸውን ጽሑፍ ያነቡ ጀመር። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። እንዳይወድቁብኝ ወንበር ፈለግኩ። ጋሼ ግን ፊታቸው በራ።

«አያችሁ?» አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ ተነስታ፣ ካለፈች በኋላ እንኳ ለራሷ ምስጋና አትፈልግም። መንፈሱ የገባው ሰው እንዲህ ነው። ይሄ ነው ትሕትና ማለት።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። በኃይል የሚያጨበጭበው ሰማያዊው ነበር። ልጅቷ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው፣ እኔም ሞቅ ያለ ለስላሳ ይዤ ቀረሁ።

እንዲሁ ልተወው አልቻልኩም። ከሰዓት መዝገብ ቤት ወርጄ ፋይሎቹ መሀል አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ አዲሱን መጽሐፍም ልስጥሽ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እትዬ፣ ስድስት ሰው አልፎበታል» አለች። «እርስዎ ካለፉ በኋላ ለኔ ሲሆን ነው የተሻረው?»

ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። የኔ ነው። ውሃ ማቀዝቀዣው ጋ እኔም ብርቱካኑን ያየሁት በዚያው ዓይን ነበር። ማንም አልነገረኝም እያልኩ ሮዟን ስወቅስ፣ ነግሮኝ የነበረውን ሰው ምቀኛ ብዬ ሁለት ዓመት ሰላምታውን በጥርጣሬ ነበር የምቀበለው። ወጥቼ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅኩት።

«ለየቱ?» አለኝ።

«አዲሱንም ግዢ ላልከኝ።»

ትንሽ አሰበ። «ለሁሉም እላለሁ እኮ» አለ። «አንድም ሰው ሰምቶኝ አያውቅም። ሮዟ እንኳ ለብቻዋ ነው የደረሰችበት።»

«ያ ይመጣል ብለህ የጻፍከውስ?»

«የት ላይ?» አለኝ። ተውኩት።

በማግስቱ የፈታኙን ደብዳቤ ይዤ እንደገና ወረድኩ። ስለ መጽሐፉ አንድም ነገር አላነሳሁም። «ይሄ ደግሞ ሪሶርስ ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ክተቺው» ብዬ ሰጠኋት። ሪሶርስ ሲባል ዓይኗ በራ፣ አመስግና ተቀበለችኝ። ይህችን ልጅ ከራሴ ይልቅ አውቃታለሁ።

በሳምንቱ በምሳ ሰዓት እኛ ክፍል ወጥታ ስታጠና ባጠገቧ ሳልፍ መጽሐፉ ተከፍቷል። ደብዳቤውን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ለጥፋዋለች። ሱቁ ቀለም ስላለቀበት ቀይ ማርከር ገዝታ «ከፍተኛ ችሎታ አሳይታለች» የሚለውን ቀብታለች። ከጎኑ በትንንሽ ፊደል «ግቤ» ብላ ጽፋለች። «በተሻረ ሕግ ላይ» የሚለው ነጭ እንደሆነ ቀርቷል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ወይን ጠጁን ሃይላይተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሦስቱን ቃላት ቀስ ብዬ ቀባኋቸው።

ልጅቷ ማኘኳን አቆመች። አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

«የማን ነው?» አለችኝ።

«የኔ ነው። ሁለተኛ የወደቅኩ ጊዜ የተላከልኝ።»

ገጹን ገልጣ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ፈለገች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ በጣቷ ቆጠረች፣ ጣቷ ዘጠነኛው ላይ ቆመ። ከዚያ አንገቷን መዘዝ አድርጋ ወደ ጋሼ በር ተመለከተች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጋሼ ለሆነ ሰው አንቀጽ ይጠቅሳሉ። ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሽፋኑ» አለችኝ፣ «አዲሱ ላይ ይገባል?»

«አይገባም» አልኳት። «ባሌ ይቆርጥልሻል።»